ማን አጨበጨበ? ላይብረሪ ሲገነባ የመጠበቂያ መንገድን ስለ መምረጥ



ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ያለ አንድ ካፌ ይታሰብ። ጠረጴዛው አርባ፣ አስተናጋጁ አንድ። የዛሬው ዲስኩር ጉዳይ ይህ አስተናጋጅ ነው።

አስተናጋጁ ሥራውን በሁለት መንገድ ሊይዘው ይችላል። በአንደኛው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ «ምን ልታዘዝ?» ይላል። ገሚሱ ሐይቁን እያየ ዝም ብሏል፤ ገሚሱ ወሬ ይዟል። አርባውን አዳርሶ ሲጨርስ በእርግጥ የፈለገው ሰው ሁለት ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጠረጴዛ ይነሣል። በሁለተኛው መንገድ ግን ባንኮኒው አጠገብ ይቆማል። የፈለገው ሰው ያጨበጭባል፤ እሱም ወደ ጭብጨባው ይሄዳል። ዝም ያሉት ሠላሳ ስምንት ጠረጴዛዎች አንዲት እርምጃ እንኳ አያስወጡትም።

ሰርቨር ላይ የሚሠራ ፕሮግራምም ኑሮው የዚሁ አስተናጋጅ ነው። እያንዳንዱ ስልክና እያንዳንዱ ብራውዘር ለእሱ አንድ ጠረጴዛ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ ገንዘብ መላክ ለከተሜው የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል። እንዲህ ካለ አገልግሎት በስተጀርባ ያለ ማንኛውም ሰርቨር ብዙ ሺህ ግንኙነት ተከፍቶለት ይውላል፤ ከእነዚህ ውስጥ በአንዲት ቅጽበት የሚናገሩት ግን ጥቂቶች ናቸው። የቀረው ዝም ብሎ የተከፈተ መስመር ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ደጋግሞ የሚያቀርበው ጥያቄ «ማን አጨበጨበ?» የሚል ነው።

ችግሩ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ለዚህ ጥያቄ አንድ ዓይነት በር አለመክፈታቸው ነው። ሊኑክስ አንድ መንገድ አለው፣ ማክ ሌላ፣ ዊንዶውስ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ። ይህን ልዩነት ከፕሮግራመሩ ትከሻ ላይ የሚያነሡለት ላይብረሪዎች፣ ማለትም ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙባቸው ዝግጁ የኮድ ስብስቦች፣ አሉ። እነዚያን ላይብረሪዎች የሚገነባው ሰው ደግሞ መወሰን አለበት፤ የትኞቹ መንገዶች በውስጡ ይግቡ? የትኛው ይቅደም? ያልተሳካ እንደሆነስ ወደ የትኛው ይመለስ? ባለሙያዎቹ እያንዳንዱን መንገድ «ባክኤንድ» ይሉታል።

ወደ ምርጫው ከመግባት በፊት መንገዶቹ ከየት እንደመጡ ማየት ይበጃል። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ መሆናቸው በ«ዓ.ም» ካልተመለከተ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት በሶቭየት ኅብረት ትብብር በ1963፣ በእኛ በ1955 ዓ.ም፣ ተከፈተ። ልክ በሃያ ዓመቱ፣ በ1983፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ የተሠራው 4.2 ቢኤስዲ የተባለው የዩኒክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ዝርያ «ሰሌክት» የሚባለውን ጥሪ ይዞ ወጣ። ሰሌክት ዟሪው አስተናጋጅ ነው። ፕሮግራሙ የሚጠብቃቸውን ግንኙነቶች ሁሉ በዝርዝር ጽፎ ለከርነሉ፣ ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ይሰጣል፤ ከርነሉ አንድ በአንድ ይፈትሻል፤ ዝርዝሩን ምልክት አድርጎበት ይመልሳል፤ ፕሮግራሙም እንደገና አንድ በአንድ ያነባል። በሚቀጥለው ዙር ዝርዝሩ እንደ አዲስ ተጽፎ ይሰጣል። በዚያው አሥርት ዓመት የሲስተም ፋይቭ ዩኒክስ ሠሪዎች «ፖል» የተባለውን አመጡ። የዝርዝሩ አጻጻፍ ተሻሻለ እንጂ ዙረቱ አልቀረም።

ዙረቱ ምን ያህል እንደሚያስወጣ በቀላል ሒሳብ ይታያል። በፖል ዝርዝር ውስጥ አንድ ግንኙነት 8 ባይት ይይዛል። አሥር ሺህ ግንኙነት ያለው ሰርቨር «ማን አጨበጨበ?» ባለ ቁጥር 80,000 ባይት ወደ ከርነሉ ይገለበጣል፤ ያጨበጨበው አንድ ሰው ብቻ ቢሆንም። ይህ በሰከንድ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ፕሮግራሙ ቀኑን ሙሉ ሥራ ሳይሠራ ዝርዝር ሲያመላልስ ይውላል።

በ1999 ዳን ኬግል የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ይህን ጉዳይ በአንድ ጽሑፍ አፍረጠረጠው። አንድ ሰርቨር አሥር ሺህ ደንበኛ በአንድ ጊዜ ማስተናገድ አለበት፣ ማሽኖቹም ለዚያ የሚበቃ ጉልበት አላቸው፤ የጎደለው ሶፍትዌሩ ነው አለ። ችግሩ ከዚያ ወዲህ «ሲ-አሥር-ኬ» በሚል ስም ታወቀ።

መልሱ ብዙ አልቆየም። በ2000 ጆናታን ሌሞን የሠራው «ኬኪው» በፍሪቢኤስዲ 4.1 ወጣ። ያ ዓመት በባሕር ዳር ፖሊቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ ተዋህደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆኑበት ዓመት ነው። በ2002 ደግሞ የዳቪዴ ሊቤንዚ «ኢፖል» በመገንባት ላይ ወደነበረው የሊኑክስ ከርነል ገባ። ሁለቱም ከቋሚው አስተናጋጅ ወገን ናቸው። ፕሮግራሙ የደንበኞቹን ዝርዝር አንድ ጊዜ ያስመዘግባል፤ ከርነሉ ዝርዝሩን ራሱ ይይዛል፤ ፕሮግራሙ ሲጠይቅ የሚመለስለት ያጨበጨቡት ስም ብቻ ነው። ሶላሪስ የተባለው ዩኒክስም በ2005 በወጣው 10ኛ ዕትሙ የራሱን መንገድ አቀረበ።

ዊንዶውስ አካሄዱ ከጥንቱም ሌላ ነበር። በ1994 ከዊንዶውስ ኤንቲ 3.5 ጋር የመጣው መንገድ «ደንበኛው ሊያዝ ዝግጁ ነው» አይልም፤ «የታዘዘው ቡና ደርሷል» ይላል። በዩኒክሶቹ ዘንድ ፕሮግራሙ ዝግጁነቱን ሰምቶ ራሱ ሄዶ ያነባል። በዊንዶውሱ አስቀድሞ «አንብብልኝ» ብሎ ያዝዛል፤ ንባቡ ሲያልቅ ይነገረዋል። ሁለቱን በአንድ ላይብረሪ ማስታረቅ ቀላል አይደለም። ሪያን ዳል በ2009 ያስተዋወቀው የፕሮግራም ማስኬጃ ኖድ ጄኤስ መጀመሪያ የተመሠረተው ለዩኒክስ በተሠራው «ሊብኢቪ» ላይ ነበር። ወደ ዊንዶውስ መሻገር በተፈለገ ጊዜ በ2011 «ሊብዩቪ» የተባለ አዲስ ላይብረሪ መሥራት ግድ ሆነ። ዛሬ ኖድን ጭኖ ድረ ገጽ የሚሠራ ተማሪ፣ ስሙን ባይሰማም፣ በእሱ ይጠቀማል።

አሁን ወደ ማዕድ ቤቱ እንግባ።

በሲ ቋንቋ የተጻፈ ላይብረሪ ከምንጭ ኮዱ ሲገነባ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ትእዛዝ «ኮንፊገር» ነው። ይህ ስክሪፕት ግንባታው የሚካሄድበትን ማሽን ጓዳ ይፈትሻል። የኢፖልን ጥሪዎች ለኮምፓይለሩ የሚያስተዋውቀው ሄደር ፋይል አለ? የኬኪው ጥሪ ይገኛል? ፖልስ? አንዳንዴ ትንሽ የሙከራ ፕሮግራም ጽፎ፣ ኮምፓይል አድርጎ፣ አስነሥቶ ያያል። ያገኘውን ሁሉ በአንድ ሄደር ፋይል ውስጥ አዎ ወይም አይ ብሎ ይመዘግባል። ኮምፓይለሩ ያንን መዝገብ እያየ «አዎ» የተባሉትን የኮድ ክፍሎች ይወስዳል፣ «አይ» የተባሉትን ይጥላል። የተጣለው ክፍል በተገነባው ላይብረሪ ውስጥ የለም፤ በኋላ ቢፈለግ ከየትም አይመጣም። ባልትና የሚችል ሰው እንደሚያውቀው መጥኖ መደቆስ ድስቱ ከመጣዱ በፊት ነው።

ፈጥኖ የሚመጣው ሐሳብ «እንግዲያው ሁሉንም ማስገባት ነው» የሚል ነው። በብዙ ቦታ ትክክል ነው። ነገር ግን ጠባብ ማኅደረ ትውስታ ላላት ራውተር ወይም የሙቀት መለኪያ የሚገነባ ሰው አንዲት ኪሎባይት ያሳሳዋል፤ አምስት ግንኙነት ብቻ ላለው መሣሪያ ደግሞ አሮጌው ሰሌክት ይበቃል። አምስት ጠረጴዛ ያለው ቡና ቤት ውስጥ መዞር አድካሚ አይደለም። ሁለተኛም፣ ያልተፈተነ ባክኤንድ ማስገባት ያልተፈተነ ኮድ ለደንበኛ መስጠት ነው። ስለዚህ ታዋቂዎቹ ፕሮግራሞች የየራሳቸውን ልክ አበጅተዋል።

ሬዲስ የተባለው የዳታ ማከማቻ ጠበቅ ያለውን መንገድ ይዟል። በኮዱ ውስጥ አራት መንገዶች በፍጥነታቸው ተራ ተሰልፈዋል፤ የሶላሪሱ፣ ኢፖል፣ ኬኪው፣ መጨረሻ ላይ ሰሌክት። በግንባታ ጊዜ ከላይ ወደ ታች እየታየ መጀመሪያ የተገኘው ይወሰዳል፤ ሌሎቹ ይጣላሉ። አንድ ግንባታ፣ አንድ ባክኤንድ። ኮዱ አጭርና ግልጽ ይሆናል። ሬዲስ የሚገነባው ለሚታወቅ ሲስተም ስለሆነ ይህ ምርጫ ያዋጣዋል።

ኢንጂንኤክስ የተባለው ዌብ ሰርቨር፣ ኢጎር ሲሶዬቭ በ2004 ለሕዝብ የለቀቀው፣ በዚህና ቀጥሎ በሚመጣው ሰፊ መንገድ መካከል ይቆማል። የግንባታ ስክሪፕቱ ማሽኑ የተሻለ ነገር ያለው መስሎ ካልታየው ሰሌክትንና ፖልን ራሱ ይጨምራል፤ ገንቢው ከፈለገም በግድ ሊያስገባቸው ወይም ሊያስወጣቸው ይችላል። ከዚያ በኋላ በማዋቀሪያ ፋይሉ አንድ መስመር የትኛውን እንዲጠቀም ማዘዝ ይቻላል፤ ዝም ከተባለ የተሻለውን ራሱ ይመርጣል።

«ሊብኢቨንት» እና «ሊብኢቪ» ደግሞ ሰፋ ያለውን መንገድ ይከተላሉ። የኒልስ ፕሮቮስ ሊብኢቨንት በግንባታ ጊዜ የተገኙትን ሁሉ ያስገባል፤ ፕሮግራሙ ሲነሣ በቅደም ተከተል ይሞክራቸዋል፤ አንዱ እምቢ ካለ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ተጠቃሚውም አንዱን ባክኤንድ እንዳይነካው ኮዱን ሳይከፍት በአካባቢ ተለዋዋጭ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲነሣ ከውጭ በሚያነበው ቅንብር፣ መከልከል ይችላል። የማርክ ሌማን ሊብኢቪ ይበልጥ አብራርቶታል፤ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን ለሦስት የተለያዩ ፈንክሽኖች ሰጥቷል። በዚህ ግንባታ ውስጥ የትኞቹ አሉ? ካሉትስ ውስጥ በዚህ ሲስተም ላይ የሚመከሩት የትኞቹ ናቸው? አሁን እየሠራ ያለውስ የትኛው ነው?

የመጀመሪያውና የሁለተኛው ጥያቄ መለያየት ጉዳዩን ሁሉ ይዞታል። በማክ ላይ የተገነባ ሊብኢቪ ኬኪውንም ፖልንም በውስጡ ይይዛል፤ ሆኖም ከሚመከሩት ዝርዝር ሁለቱንም ያወጣቸዋል። ምክንያቱ ልምድ ነው። ሄደር ፋይሉ አለ ማለት ጥሪው በትክክል ይሠራል ማለት አልሆነም።

ለዚህ ጥሩ ምስክር «ከርል» ነው፤ በዓለም ላይ በብዛት ከተሠራጩት የመረጃ ማስተላለፊያ ላይብረሪዎች አንዱ። በ2016 አፕል ማክኦኤስ 10.12ን ሲለቅ የከርሉ መሪ ዳንኤል ስተንበሪ አንድ እንግዳ ነገር ገጠመው። ፖል ምንም ግንኙነት ሳይሰጠው «ይህን ያህል ጊዜ ጠብቅ» ሲባል ሳይጠብቅ ወዲያው መመለስ ጀመረ። «አሥር ደቂቃ ጠብቀኝ» ሲሉት በሰከንዱ «ጠብቄ ጨርሻለሁ» እንደሚል ሰው ማለት ነው። ፕሮግራሙ እረፍት አጥቶ ይሽከረከራል፤ ባትሪው ያልቃል፤ የስሕተት መልእክት ግን የለም። ከርል በዚያ ሲስተም ላይ ፖልን ትቶ ወደ ሰሌክት ተመለሰ። ሊብዩቪም እስከ ዛሬ በማክ ላይ ኬኪው የማይቀበለው የተርሚናል መስመር ሲያጋጥመው ለብቻው አንድ ትሬድ፣ ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር፣ ከፍቶ በሰሌክት ይጠብቃል። የ1983ቱ አዛውንት ጡረታ አልወጡም።

ሰሌክትን ግን ሳያውቁ መደገፍ አደጋ አለው፤ ከዓባይ ወንዝ ማዶ የሚኖር የባሕር ዳር ሰው ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ይረዳል። ከስልሳ ዓመት በላይ ያገለገለው አሮጌው የዓባይ ድልድይ ስፋቱ የተወሰነው በተሠራበት ቀን ነው። ከተማዋ አደገች፣ ባጃጁ በዛ፣ ሕዝቡ ወዲያና ወዲህ ጎረፈ፤ ድልድዩ ግን በልኩ ቀረ። መፍትሔው ሌላ ድልድይ ሆነ፤ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም ተመረቀ።

የሰሌክትም ዝርዝር እንዲሁ በግንባታ ቀን የተቆረጠ ስፋት አለው። በሊኑክስ ላይ 1,024 ቦታ ነው፤ ከ0 እስከ 1,023 የተቆጠሩ። 1,024 የሚል ቁጥር የተሰጠው ግንኙነት ሲመጣ ፕሮግራሙ ከዝርዝሩ ውጭ፣ የሌላ ዕቃ በተቀመጠበት ማኅደረ ትውስታ ላይ ይጽፋል። ቁጥሩ የግንኙነቶቹ ብዛት ሳይሆን የመለያቸው መጠን ነው። ስለዚህ ብዙ ፋይል የከፈተ ፕሮግራም በሁለት ግንኙነት ብቻ እንኳ ከዳር ሊወድቅ ይችላል። በዊንዶውስ ደግሞ ልኩ፣ ሌላ ካልተባለ፣ 64 ነው። 65ኛው ሲጨመር ስሕተት አይነገርም፤ ዝም ተብሎ ይታለፋል። ደንበኛው እጁ እስኪቀላ ቢያጨበጭብ ሰሚ የለውም። የፓይተን ሠሪዎች ይህን አይተው በዊንዶውስ ላይ ፓይተን ሲገነባ ልኩን ወደ 512 ከፍ ያደርጉታል። ይህ የአንዲት መስመር ውሳኔ ነው፤ ቦታዋም ግንባታው ውስጥ ብቻ ነው። ላይብረሪው ከተገነባ በኋላ ተጠቃሚው በምንም ሊያሰፋው አይችልም።

እዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር አለ። በሊኑክስ ላይ የ1,024ቱን አጥር ያጠረው ከርነሉ አይደለም፤ የሲ ላይብረሪው ሄደር ፋይል ነው። ሊብኢቨንትና ሊብኢቪ ይህን ስለሚያውቁ የሲስተሙን ዝግጁ ዝርዝር ትተው የራሳቸውን እንደ አስፈላጊነቱ የሚሰፋ ዝርዝር ያበጃሉ። ሊብኢቪ ላይ ግን ገንቢው በግንባታ ምርጫ ወደ ሲስተሙ ዝርዝር ሊመልሰው ይችላል፤ ያኔ አጥሩም አብሮ ይመለሳል።

ሌላው ወጥመድ የሚገነባበት ማሽንና የሚኖርበት ማሽን መለያየት ነው። አንድ የባሕር ዳር ተማሪ ዊንዶውስ ባለው ላፕቶፑ ላይ ይጽፋል እንበል። ሥራው የሚቀመጠው ኡቡንቱ ሊኑክስ በተጫነበት ሰርቨር ላይ ነው፤ ጓደኛው ደግሞ ያንኑ ላይብረሪ ራስበሪ ፓይ በተባለች ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ሊሞክረው ይፈልጋል። ላፕቶፑ ላይ ሆኖ ለራስበሪ ፓይ ሲገነባ የኮንፊገር የሙከራ ፕሮግራሞች ሊነሡ አይችሉም፤ የተገነቡት ለሌላ ፕሮሰሰር ነውና። ስክሪፕቱ ያኔ ይገምታል፤ ግምቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለጥንቃቄ ያደላል። «ይሠራል ብዬ ማረጋገጥ አልቻልኩም፣ ስለዚህ አይ» ብሎ ይመዘግባል። ግንባታው ያለ ስሕተት ያልቃል፤ ላይብረሪው ይሠራል፤ ባክኤንዱ ግን ሳይታሰብ ሰሌክት ሆኖ ቀርቷል። ይህን የሚያውቅ ገንቢ መልሱን አስቀድሞ በእጁ ጽፎ ለስክሪፕቱ ይሰጠዋል።

ተቃራኒውም ይደርሳል። በ2008 ሊኑክስ 2.6.27 ኢፖልን ለመክፈት አዲስ የተሻሻለ ጥሪ አመጣ። አዲሱን ሄደር በያዘ ማሽን ላይ የተገነባ ላይብረሪ አሮጌ ከርነል ላለው ሰርቨር ሲሰጥ አዲሱን ጥሪ ይጠራል፤ ከርነሉም «እንዲህ የሚባል አላውቅም» ይለዋል። ሊብኢቪ እዚህ ላይ ብልህ ነው። አዲሱን ይሞክራል፤ እምቢ ሲባል አሮጌውን ጥሪ ይጠራል። ሁለቱም መንገዶች በግንባታ ጊዜ ገብተዋል፤ የሚመረጠው ፕሮግራሙ በተነሣበት ማሽን ላይ ነው።

ኢፖልም ቢሆን የማይነካው ነገር አለ። በዲስክ ላይ ያለ ተራ ፋይል ቢያስመዘግቡት «አልተፈቀደም» ብሎ ይመልሳል። ለከርነሉ ተራ ፋይል ምን ጊዜም «ዝግጁ» ነው፤ የሚጠበቅ ጭብጨባ የለም። ሊብዩቪ ለዚህ ብሎ የፋይል ሥራውን ወደ ጎን ለቆሙ ትሬዶች ያስተላልፋል፤ ሌላ ካልታዘዘ አራት ናቸው። ሊብኢቨንት ደግሞ ፕሮግራመሩ «ማንኛውንም ዓይነት ፋይል የሚቀበል ባክኤንድ ስጠኝ» ብሎ እንዲጠይቅ ፈቅዷል። በሊኑክስ ላይ ይህን የጠየቀ ሰው ኢፖልን አያገኝም። ከዚያው ጋር «ለውጥ ሲኖር ብቻ የሚናገር ይሁን» የሚለውን አንድ ላይ ከጠየቀ ደግሞ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ሁለቱን አጣምሮ የሚችል በዚያ ሲስተም ላይ የለምና።

አሁን በዚህ ሰልፍ ላይ አዲስ እንግዳ ተጨምሯል። በ2019 የየንስ አክስቦ «አይኦ ዩሪንግ» ከሊኑክስ 5.1 ጋር ወጣ። አሠራሩ ከዊንዶውሱ ይቀራረባል፤ ፕሮግራሙና ከርነሉ ሁለት የጋራ ወረፋዎች ይይዛሉ፣ በአንዱ ትእዛዝ ይገባል፣ በሌላው የተፈጸመው ይወጣል። ተራ ፋይልንም ያስተናግዳል። ፍጥነቱ ብዙዎችን አስደሰተ። በ2023 ግን ጎግል ለከርነል ጥቃት ከፍሎ ከተቀበላቸው የደኅንነት ግኝቶች መካከል 60 በመቶው በዚሁ በር የገቡ መሆናቸውን ገለጸ፤ በክሮምኦኤስና በራሱ ሰርቨሮች ላይም ዘጋው። በዚያው ዓመት ሊኑክስ 6.6 የሲስተም አስተዳዳሪው በአንድ ቁልፍ የሚዘጋበትን መንገድ ጨመረ። ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በተባለ የተነጠለ ክፍል ውስጥ የሚያስነሣው ዶከርም በመደበኛ ደንቡ ለኮንቴይነሮች ከለከለው።

ለላይብረሪ ገንቢ ይህ አዲስ ሁኔታ ነው። ሄደሩ አለ፣ ከርነሉ አዲስ ነው፣ ጥሪው በትክክል ይሠራል፤ ግን በዚያ ቤት አይፈቀድም። ያንኑ የተገነባ ፋይል ከኮንቴይነሩ ውጭ ሲያስነሡት ይሠራል፣ ውስጥ ሲያስነሡት ይከለከላል። በግንባታ ጊዜ ይህን ሊያውቅ የሚችል ስክሪፕት የለም። ሊብዩቪ በ2023 አይኦ ዩሪንግን ለፋይል ሥራ አስገብቶ ነበር። በ2024 መጀመሪያ በኖድ ጄኤስ ላይ ከዚሁ የመጣ የደኅንነት ክፍተት ታወቀ፤ ፕሮግራሙ ከፍ ያለ ሥልጣኑን ከለቀቀ በኋላም በወረፋው በኩል የሚያልፈው ሥራ በቀድሞው ሥልጣን ይፈጸም ነበር። ዛሬ ተጠቃሚው በአካባቢ ተለዋዋጭ ካልፈቀደው በቀር ያ ክፍል ተኝቶ ይቀመጣል። ኮዱ ግንባታው ውስጥ አለ፤ ቁልፉ በአስነሺው እጅ ነው።

በ2016 ዓ.ም ክረምት በአገራችን የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ብዙ ወጣት ወደ ፕሮግራም ጽሕፈት እያመጣ ነው። አብዛኛው ሠልጣኝ ከላይኛው ፎቅ ይጀምራል፤ ከድረ ገጽ፣ ከስልክ መተግበሪያ፣ ከዳታ ትንተና። በፓይተን ሲጽፍ፣ ከ2014ቱ 3.4 ዕትም ጀምሮ፣ «የተሻለውን ምረጥልኝ» የሚል አንድ ስም ይጠራል፤ ቋንቋው ኢፖልን ወይም ኬኪውን፣ ካጣ ፖልን፣ እሱንም ካጣ ሰሌክትን ይሰጠዋል። ከእነዚህ ወጣቶች ጥቂቶቹ አንድ ቀን ወደ ታችኛው ፎቅ ይወርዱና ለባንክ፣ ለሆስፒታል ወይም ለመስኖ መቆጣጠሪያ የሚሆን የራሳቸውን ላይብረሪ ይገነባሉ። ሰርቨሩ አሮጌ ሊሆን ይችላል፤ ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ እንደገና ገንብቶ መላክ የሰዓታት ሥራ ነው፤ ያለውን ግንባታ በአንድ ተለዋዋጭ ወደ ሌላ ባክኤንድ ማዞር ግን የሰከንዶች።

ይህን በእጁ መሞከር ለሚፈልግ ሰው ሊብኢቪ ያለበት አንድ ኡቡንቱ ላፕቶፕ ይበቃዋል። ለሊብኢቪ ሰሌክት 1፣ ፖል 2፣ ኢፖል 4 የሚል ቁጥር አላቸው። ፕሮግራሙ ከመነሣቱ በፊት ከእነዚህ አንዱን በላይብረሪው የአካባቢ ተለዋዋጭ ላይ ይጽፋል፤ 3 ቢጽፍ ሰሌክትና ፖል ብቻ ተፈቀዱ ማለት ነው። የሲስተሙን የክፍት ፋይሎች ልክ አስፍቶ ሁለት ሺህ ዝም ያሉ ግንኙነቶችን ይከፍትና በአንዱ ብቻ መልእክት ደጋግሞ ይልካል፤ ያንኑ ሦስት ጊዜ፣ በ1፣ በ2፣ በ4 ይደግማል። ከተርሚናሉ ጎን የፕሮሰሰሩን መለኪያ ከፍቶ ይቀመጥ። በሁለቱ ዙሮች አስተናጋጁ ሁለት ሺህ ጠረጴዛ ሲያዳርስ በቁጥር ያየዋል፤ በሦስተኛው ዙር ደግሞ ባንኮኒው አጠገብ ቆሞ ያገኘዋል።